ሲህሪጁን የበሳው ዘንግ

የሑሴን አዲሱ ፍሪጅ ሰው ይነዝር ነበር። በተለይ ሚስቱን ሐኪማን። ዕቃ አጥባ፣ እጇ ሳይደርቅ መዝጊያውን ከነካችው ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ይመታትና «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ ትዘላለች። ሑሴን አሰብ ወደብ ላይ የጭነት ጸሐፊ ነው። ፍሪጁን ያመጣው እናቱ እማማ ሐስና ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከጥዖ መጥተው አብረውት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን ሳያስቡት ጎኑን ነክተውት ከነዘራቸው በኋላ፣ በአጠገቡ ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉበት፣ እንደሚናከስ ውሻ ዞረውት ያልፋሉ።

በዚህ ምክንያት ሀብቴ ተጠራ።

ሀብቴ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በጉብዝናው ዘመን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ አሰብ ወርዶ እዚያው ቀረ። የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተማረው ሰው የለም፤ የተቃጠለ ሞተር እየፈታ፣ የተበጠሰ ሽቦ እየቀጠለ፣ ሲሳሳትም እየተነዘረ ነው የተማረው። አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሰፈር አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችው። ሰው ችግሩን ሲነግረው አቋርጦ አያውቅም። ጨርሶ ይሰማል። ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ፣ ዓይኑን ሰብስቦ ነው። መሣሪያውን ከማንሣቱ በፊት ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «በስመ አብ» ይላል። ባል ሥራ ላይ እያለ፣ ሴቶች ብቻቸውን ባሉበት ቤት ሀብቴ ግባ የሚባለው በእጁ ጥበብ ብቻ አልነበረም። ሰዉ ያምነዋል። እሱም እንጀራው ይኼው እምነት መሆኑን ያውቃል።

ፍሪጁን አገላብጦ አየና፣ «ፍሪጁ ጤነኛ ነው» አለ። «ያጣው ማሳ ነው።»

«ማሳ ምንድን ነው ጋሽ ሀብቴ?» አለ ሑሴን።

«የሚያፈተልከው ኃይል መሬት የሚገባበት መንገድ ነው። መንገድ ካጣ በሰው ላይ ያልፋል። ረጅም ብረት ግቢው ውስጥ እንቀብርና በሽቦ ከፍሪጁ ጋር እናያይዘዋለን። ከዚያ ሐኪማ በእርጥብ እጇ ብታቅፈውም ምንም አይላትም።»

«እርስዎ ካሉ ይሁን» ብሎ ሑሴን ወደ ወደቡ ሄደ። ሐኪማም ዓሣ ልትገዛ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። ግቢው ውስጥ የቀሩት በሰሌን ጥላ ሥር፣ በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን የሚቆጥሩት እማማ ሐስና ብቻ ነበሩ።

ሀብቴ ለሽቦው የሚቀርበውን ጥግ መረጠ። ረጅሙን ዘንግ አቆመ። ግን ጥንቁቅ ሰው ነውና፣ ሳይጠይቅ መሬት አይመታም። ቧንቧ ተቀብሮ እንደሆነ፣ የሆነ ነገር አልፎ እንደሆነ ማን ያውቃል?

«እማማ!» አለ ጎንበስ ብሎ፣ በዘንጉ ጫፍ መሬቱን እየነካ። «እዚህ ጋ ባዶ ነው?»

እማማ ሐስና መሬቱን አዩ፤ እሱንም አዩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይነት ቅንድባቸውን አነሡ።

«ባዶ» አሉ።

«ባዶ ነው አይደል?»

«ባዶ፣ ባዶ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ሀብቴ አመስግኖ መዶሻውን አነሣ። ዘንጉ መጀመሪያ ላይ ደረቁን መሬት እየጮኸ፣ እየተንቀረፈፈ ገባ። ቀጥሎ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ያዘው፤ ሀብቴ የባሕር ድንጋይ ነው ብሎ ደጋግሞ መታው። ከዚያ ድንገት ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ሸርተት ብሎ ወረደ። ሀብቴ ደስ አለው። «ርጥቡን አገኘሁት» አለ ለራሱ። ሽቦውን አስሮ በአምፖል ሲሞክረው አምፖሉ ቦግ አለ። በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ማሳ አጋጥሞት አያውቅም። ሐኪማ ከገበያ ተመልሳ በእርጥብ እጇ መዝጊያውን ያዘች፤ ምንም አልሆነችም። ደግማ ያዘች። ሳቀችና «አላህ እጅዎን ይባርክ!» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሑሴን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ሀብቴ፣ ተነሥ» አለ።

ጋሽ የለም። እርስዎ የለም። ሀብቴ አንድ ክፉ ነገር መድረሱን ያወቀው ከፊቱ ሳይሆን ከዚህ ነው። ካቻቢቴውን አስቀምጦ፣ ምንም ሳይጠይቅ ተከተለው።

ሑሴን ግቢው እንደገቡ በማድ ቤቱ ጥግ የተቆለሉትን ጆንያዎች ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ከሥራቸው የነበረውን የእንጨት ክዳን አነሣ። ባትሪ አብርቶ ወደ ታች አሳየው። ሀብቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ አየ። ከመሬት በታች አንዲት ክፍል የምታህል፣ በኖራ የተለሰነች የውኃ ማጠራቀሚያ ናት፤ ያገሩ ሰው ሲህሪጅ ይላታል። ትናንት ውኃው የደረሰበት ቦታ በግድግዳው ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ዛሬ ግን ውኃው ከዚያ በጣም ወርዷል። ከጣሪያው ጥግ ደግሞ አንድ ብረት ገብቶ፣ ግድግዳውን ልጦ፣ ልስኑን ሰንጥቆ፣ ውኃው ውስጥ ጠልቋል። የሀብቴ ዘንግ ነው። አምፖሉ ያን ያህል ቦግ ያለው ለዚህ ነበር።

«ይኼን አባቴ ነው የቆፈረው» አለ ሑሴን። «የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ሲል ሰፈሩ በሙሉ ከዚህ ጠጥቷል። ሳትጠይቅ እንዴት ትመታለህ? አፍ የለህም?»

«ጠይቄያለሁ አቶ ሑሴን» አለ ሀብቴ።  «እማማን ጠይቄያቸዋለሁ። ባዶ ነው ወይ ስላቸው ባዶ ነው ብለውኛል።»

እማማ ሐስና በዚያ ሰዓት ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ነበሩ። የሚያውቁት አፋርኛና ዓረብኛ ብቻ ነው። ሑሴን ገባ። በአፋርኛ ሲያነጋግራቸው፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲመልሱ ይሰማል። ቃሉ ግን ለሀብቴ አይገባውም። ሑሴን ተመልሶ ሲወጣ ፊቱ ይበልጥ ጠቁሮ ነበር።

«‹ከሥር ምንም የለም ብለሽዋል ወይ?› አልኳት። ‹ወላሂ አላልኩም› ትላለች። ‹ባሌ የቆፈረውን እያወቅሁ እንዴት ምንም የለም እላለሁ?› ትላለች። በቁርአን ምላለች፣ ሀብቴ።»

«በእመቤቴ በማርያም...» አለ ሀብቴና ቆመ። ምሎ አያውቅም። ሲምል ሰው ሰምቶት አያውቅም። ግን አንዴ ከአፉ አምልጦ ነበርና ጨረሰው። «በማርያም፣ ጠይቄያቸው ነግረውኛል።»

 

ሑሴን ክንዱን ይዞ ወደ በሩ አወጣው፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ውኃውን ተወው። ይደፈናል፣ ይሞላል። እናቴን ግን ስንት ለምኜ ነው ከጥዖ ያመጣኋት መሰለህ? ‹እዚህ አገር አፌ አይሠራም› እያለች ነው የምትውለው። ልጄ ከኔ መሐላ የባዳ ቃል ካስበለጠ መንገዴን አውቀዋለሁ ብላኛለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች እንጠራለን። አንተ አንዲት ነገር በል፤ ‹ሳልጠይቅ ነው የመታሁት፣ ተሳሳትኩ› በል። አለቀ። ማንም አይጠይቅህም።»

«ጠይቄያለሁኮ አቶ ሑሴን።»

«እናቴ ዋሸች ነው የምትለው?»

«እሱንም አልልም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትለው?!»

 «ሲህሪጁን እኔ በሳሁት። ሠርቼ እስኪያልቅ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ያላደረግሁትን ግን አደረግሁ ማለት አልችልም። ዓርብም የምለው ይኼንኑ ነው።»

ሚስቱ ትርፌ ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች።

«እና አልጠየቅሁም ብትል ምላስህ ይነቀላል?»

«ውሸት ነዋ፣ ትርፌ።»

«ውሸት! አሮጊቷ ተደስተው፣ ልጃቸው ተደስቶ፣ አንተ ወደ ሱቅህ ትመለስ ነበር። አሁን ግን ምን ሆንክ? ‹ሴትዮዋን በመሐላ የተከራከረ› ተባልክ። የደንበኛህን የዓለምዘውድን የጣሪያ ቬንቲላቶር ልትሰቅልላት አልነበር? ‹ለጊዜው ይቆይልን› ብላ ልካለች። ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ወይም ሰምተህ ይሆናል እንጂ አላሉህም ይሆናል። አልጠረጠርክም?»

 ሀብቴ መጠርጠሩንማ ጠርጥሯል። በጸሎቱም ላይ «ጌታዬ፣ ጆሮዬ ዋሽቶ እንደሆነ አሳየኝ፤ እሳቸውን ግን ዋሾ አታድርግብኝ» እያለ ነበር። ሌላ የሚለው ነገር አልነበረውም። ከውሸት በቀር መውጫ ሲያጣ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ መሥራትና መጠበቅ።

ሥራው የተጀመረው የቀረውን ውኃ በማውጣት ነው። ጣፋጭ ውኃ ይደፋ አይባልም፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር ይዞ ተሰለፈ። ሰዉ ለሑሴን ቤት አዝኖ መጣ፤ ጣፋጭ ውኃ ተሸክሞ ሲመለስ ግን ሐዘኑ ቀለል ይለው ነበር። አንዷማ ወጣት በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ሀብቴ፣ ቀጥሎ የማንን ልትበሳ ነው? የኛን ሰፈር እንዳትረሳ!» ብላ ሣቅ አስነሣች። ሀብቴ ባልዲውን ጎተተ።

ልስኑን የሚያውቀው ዳርዊሽ የሚባል አዛውንት ግንበኛ ነው። ሽርጡን ከፍ አድርጎ አስሮ፣ ጥርስ ባጣ አፉ ሲሥቅ ሰው ሁሉ አብሮት ይሥቃል። አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ከጣሊያንም ስድቡን ያውቃል። ሑሴን ጠርቶት ነገሩን ባጭሩ ነግሮታል፤ ሰውዬው ጠየቅኋት ይላል፣ እናቴ ምንም የለም አላልኩም ትላለች ብሎ። ዳርዊሽ ሀብቴን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየውና፦

«መብራት ሊያስገባ መጥቶ ውኃ ያስወጣ ሰው!» አለ። «ያ ሀብቴ፣ ዕድሜ ሰጠኝና አንተን አየሁ!»

«እየው እንግዲህ ጋሽ ዳርዊሽ።»

«ሁለታችሁም ማላችኋል አሉ።»

«ምለናል።»

«እንግዲህ አንዳችሁ ጀሀነም መግባታችሁ ነው። ግድየለም፤ የዚያኛው ሙቀት ካሰብ ሙቀት ይሻል እንደሆነ መጥታችሁ ትነግሩናላችሁ።»

እንዲህ እየተባለ ተሠራ። ዳርዊሽ ከላይ በኩል ዘንጉ የገባበትን ቦታ ቆፍሮ፣ አፈሩን በቀዳዳው ዳር ከመረ። ሁለቱም ተጋግዘው ዘንጉን ነቀሉት። ሀብቴ በማድ ቤቱ ጥግ በኩል በመሰላል እየወረደ፣ የተሰነጠቀውን ልስን እየፋቀ፣ ደለሉን እየጠረገ ይውላል። ታች ሙቀቱና የእርጥብ ኖራው ሽታ ያፍናል። ቀና ሲል የሚያየው በቀዳዳው የሚገባውን ትንሽ ብርሃን ነው። ላይ፣ እማማ ሐስና በሰሌን ጥላቸው ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀምጠዋል። ጠዋት ሲገባ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማማ» ይላል። ሰላምታ የአላህ ነውና ይመልሱለታል፤ ፊታቸውን ግን አያዞሩም።

ሀብቴን የሚያሳዝነው እሱን መጥላታቸው አልነበረም። መልካም ሰው መሆናቸውን ያያል። ሐኪማ ምሳ ስታቀርብለት ከየት እንደሚታዘዝ ያውቃል፤ ትልቁ ዓሣ ሁልጊዜ በሱ ሳህን ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ሴት ለምን ይዋሻሉ? እሱስ ያን ቃል ከየት አመጣው? ይኼን ሲያስብ መፋቂያው በእጁ ላይ ይቆማል።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ነው። ሀብቴ ታች ቀዳዳው ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀልብሶ የጠርዙን ልስን ይፈቀፍቃል። ዳርዊሽ ራቅ ብሎ ከግንቡ ሥር ኖራ ይነፋል። ሐኪማ ማድ ቤት ነበረች። ድንገት ከላይ የእማማ ሐስና ድምፅ ተሰማ።

«ባዶ!»

የሀብቴ እጅ ቆመ።

«ባዶ! ባዶ!»

ከዚያች ቀን ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል ተናግረውት አያውቁም። አሁን ግን እሱን እየጠሩ፣ ያችኑ ቃል፣ ጮክ ብለው!  አመኑ ማለት ነው። ዕዳውን ከራሳቸው ሊያወርዱ ነው። ፈጣሪ ሰማው።

«አዎ እማማ!» ብሎ ጮኸ ወደ ላይ። ድምፁ ሲህሪጁ ውስጥ እንደ ከበሮ አስተጋባ። «አዎ! ባዶ! ብለውኛል! ዳርዊሽ! ሰማህ? ባዶ አሉ! መስክር!»

«ባዶ! ባዶ! ባዶ!» እማማ ሐስና ከአልጋቸው ተነሥተው እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ።

«ይኸው ደገሙት! ዳርዊ...»

ስሙን አልጨረሰም። የተከመረው አፈር ከቀዳዳው ዳር ተንዶ፣ በባልዲ እንደሚደፋ ሁሉ በራሱ ላይ፣ በአንገቱ ላይ፣ በተከፈተ አፉ ውስጥ ወረደ። ዳርዊሽ ሮጦ ደረሰና ቀሪውን ክምር በአካፋ ወደ ኋላ ጠረገው። በማድ ቤቱ በኩል ዞሮ መሰላሉ ላይ ጎንበስ አለ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ሀብቴ፣ አፈር እየተፋ። «ሰምተሃል አይደል?»

«ምን ሰማሁ?»

«ባዶ ሲሉ ነዋ! ሦስቴ፣ አራቴ አሉት። ያን ቀንም እንዲሁ ነው ያሉኝ። እኔ ባዶ ነው ወይ አልኳቸው፣ እሳቸው ባዶ አሉኝ።»

ዳርዊሽ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሀብቴን አየ፤ ዞሮ እማማ ሐስናን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ከዳውና ጆንያው ላይ ተዘረፈጠ፤ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ፣ ሊናገር ሲል እያቃተው፣ ጭኑን ይመታል።

«አንተ ሰውዬ!» አለ በመጨረሻ። «አፈር ነውኮ የሚሉህ! አፈር! መሬት! በአፋርኛ ባዶ ማለት አፈር ነው! ምላሳቸውን ትንሽ አጠፍ አድርገው ነው የሚሉት፤ ላንተ ጆሮ ግን ያው ነው። አፈሩ ሊናድብህ ነው፣ ተነሥ፣ ሽሽ እያሉህ አንተ መስክር ትለኛለህ!»

ሀብቴ መሰላሉን ይዞ ቆመ። ነገሩ ወደ ልቡ እስኪወርድ ጊዜ ወሰደ። ዘንጉን ይዞ ጎንበስ ማለቱ፣ በጫፉ መሬቱን መንካቱ፣ የሴትዮዋ ቅንድብ ወደ ላይ መነሣቱ፣ አንድ በአንድ ተመለሱለት። ባዶ ነው ወይ? ባዶ። እሱ እውነቱን ነው። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ማርያምም በሐሰት አልተማለባትም፤ ቁርአንም በሐሰት አልተማለበትም። መሰላሉ ላይ ግንባሩን አስደገፈ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። አፉ ውስጥ አሁንም አፈር ነበረበት።

ሲወጣ ከጠጉሩ እስከ ጫማው አመድ ላይ የተንከባለለ አህያ መስሎ ነበር። ሐኪማ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ደንግጣ «ያ ረቢ!» አለች። ዳርዊሽ ለእማማ ሐስና በአፋርኛ ይነግራቸዋል፤ በእጁ ዘንግ ያቆማል፣ እንደ ሀብቴ ጎንበስ ይላል፣ ድምፁን አቅጥኖ እንደ እሳቸው ይመልሳል። እማማ ሐስና መጀመሪያ ላይ ፈገግም አላሉ። የቆዩበትን ቁጣ በአንዴ ማውረድ ከብዷቸው ነበር። ቆይተው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትከሻቸው ተነቃነቀ። የሆነ ነገር ተናገሩና ራሳቸው ባሉት ሳቁ።

«ምን አሉ?» አለ ሀብቴ።

ዳርዊሽ እንደገና ሊወድቅ ነው። «‹እኔም ገርሞኝ ነበር› ትላለች። ‹ይኼን የሚያህል ሰው ብረት ተሸክሞ መጥቶ፣ ይኼ አፈር ነው ወይ ይለኛል። አዎ አፈር ነው አልኩት። ደግሞ ይጠይቀኛል። በአገሩ አፈር የለም ይሆን ብዬ አዘንኩለት› ትላለች!»

ያኔ ሀብቴም ሳቀ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆዱን ይዞ፣ ከዓይኑ የሚወርደው እንባ በፊቱ አቧራ ላይ መንገድ እያወጣ ሳቀ። የእንባው ግማሽ የሳቅ እንዳልነበር ያወቁት እማማ ሐስና ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለሐኪማ ምልክት ሰጥተው ውኃ በጣሳ አስመጡለትና እጁን ሳይሆን ፊቱን እንዲታጠብ በጣታቸው አሳዩት።

ሑሴን ለምሳ ሲመጣ ቤቱን በሣቅ አገኘው። ከበሩ ላይ ቆሞ ተራ በተራ አያቸው። ዳርዊሽ ግን በቀላሉ ሊነግረው አልፈለገም።

«ና አስተርጓሚ!» አለው። «ባዶ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው? ምንም የሌለበት...» ሑሴን ቆም አለ። «በየትኛው ቋንቋ?»

 ሑሴን እናቱን አየ፤ ሀብቴን አየ፤ የተናደውን አፈር አየ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከልጅነቴ ሁለቱንም ስናገር አድጌ! የሰማሁትን ቃል ብነግራት ያኔውኑ ያልቅ ነበር። እኔ ግን የገባኝን ነው የነገርኳት።» ወደ እናቱ ሄዶ እጃቸውን ሳመ። በአፋርኛ የሆነ ነገር አላቸው፤ እሳቸውም ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ዞረና፦ «ጋሽ ሀብቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰፈር አፍ ውስጥ አስገባሁዎት።»

«ለእግዚአብሔር ብለህ ተወው» አለ ሀብቴ። «እኔም ቋንቋቸውን ሳላውቅ ጠይቄ፣ የምፈልገውን መልስ ሰምቼ መታሁ። ጆንያውን ገለጥ ባደርገው ኖሮ ክዳኑን አየው ነበር። ይኼኛው የኔ ነው።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ትርፌ አቧራውን አይታ «ደሞ ምን ሆንክ?» አለች። ነገራት። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችውና መጨረሻ ላይ ተነሥታ ውኃ አሞቀችለት። ጀርባውንም አሸችው። «አልጠየቅሁም በል ብዬህ ነበር» አለች በኋላ። «ብለህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አፈሩ ሲናድ ማን ያውቅ ነበር?»

«እንኳን አላልኩ» አለ።

«እንኳን አላልክ» አለች።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ አልቀሩም፤ ተጠርተዋልና ከመስጊድ በቀጥታ መጡ። ሑሴን ተነሥቶ፣ እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሳይሆን ከመካከላቸው ተቀምጠው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ነገራቸው። የራሱን ጥፋት ሳይቀንስ ተናገረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓብዱልጀሊል የሚባሉት ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙና «እንግዲህ በማን ላይ ነው የምንፈርደው?» አሉ።

«በዘንጉ ላይ ነዋ!» አለ ዳርዊሽ።

ሻይ ሲጠጣ ነገሩ ከግቢው ወጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ይዘውት ሄዱ፤ እስከ ወደቡ ደረሰ። የዓለምዘውድ ቬንቲላቶርም በሚቀጥለው ቀን ተሰቀለ። ሀብቴ ለመስቀል ሲገባ ዓለምዘውድ «ጣሪያው ባዶ ነው፣ በአማርኛ ነው የምልህ!» ብላ ተቀበለችው፤ ይኼ ቀልድ በከተማው ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረ።

ልስኑ ዳርዊሽ እንዳለው በጥላ፣ በቀስታ፣ እየረጠበ ደረቀ። ከዚያ የሀብቴ አገር ልጅ የሆነው ክፍሌ በቦቴ ጣፋጭ ውኃ አምጥቶ በቀይ ቱቦ ለቀቀው። ሀብቴ ውኃው የቆመበትን በከሰል ምልክት አደረገ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ለማለት ይቻላል። በማለዳ ሲደርስ ሐኪማ ከእሱ ቀድማ ክዳኑን አንሥታ፣ ባትሪውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አገኛት።

«አልወረደም!» አለች ሳትዞር። «ጋሽ ሀብቴ፣ ከምልክቱ ላይ ነው! ቅንጣት አልወረደም!»

እማማ ሐስና አላመኑም። ራሳቸው መጥተው፣ በሐኪማ ትከሻ ተደግፈው፣ ባትሪውን ተቀብለው ወደ ታች አዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሀብቴም አሜን አለ።

ቀሪው ፍሪጁ ነበር። ዘንጉ ከተነቀለ ወዲህ እንደገና መንዘር ጀምሯል። ሀብቴ ዘንጉን ተሸክሞ ግቢው መካከል ቆመ። ዙሪያውን አየና ወደ እማማ ሐስና ዞረ። ምንም ከማለቱ በፊት እሳቸው ምርኩዛቸውን አንሥተው ተነሡ። ከማድ ቤቱ ጥግ ጀምረው፣ በምርኩዛቸው መሬቱን እየጫሩ፣ ባላቸው የቆፈረውን ሲህሪጅ ዳር ይዘው ቀስ እያሉ ዞሩ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆመው ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። መስመሩ ሲዘጋ ከመስመሩ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ሄደው፣ ምርኩዛቸውን ሁለቴ መሬት ላይ መቱ።

ሀብቴ ዘንጉን እዚያ አቆመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰና መዶሻውን አነሣ። እማማ ሐስና እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልሄዱም። ሑሴን ለሥራ ሊወጣ በሩ ላይ ደርሶ ትንሽ ቆም ብሎ አያቸው፤ ለማስተርጎም የጠራው ሰው ስላልነበረ ወደ ወደቡ ሄደ።